ለጉንፋን መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት

እዚህ አዴት ሚስት ጉንፋን ሲይዛት ባል ወደ መድኃኒት ቤት ብቅ ይላል። ነፍሰ ጡር መሆኗን ሳይናገር ገዝቶ የሚመለስ ግን አለ።

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አያድነውም። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በቀን ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው ደርቦ መውሰድ ጉበትን ይጎዳል።

ኢቡፕሮፌን ግን ከ5ኛው ወር ጀምሮ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚወስዱ እናት ጉንፋን ያዘኝ ብለው ክኒኑን አያቋርጡ። ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ።