በውጭ አገር ሳሉ የጉብኝት ቪዛን ስለ ማራዘም

ከአርባ ምንጭ፣ ከጨንቻና ከሌሎችም የጋሞ ዞን ከተሞች ተነሥተው ለዕቃ ግዢ ወደ ጓንዡ፣ ወደ ዱባይና ወደ ናይሮቢ የሚጓዙ ነጋዴዎች አሉን። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ የሚሄዱት በንግድ ቪዛ ሳይሆን በጉብኝት ቪዛ ነው። ምክንያቱም የንግድ ቪዛ ከሻጩ አገር የጥሪ ደብዳቤ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ገና ሻጩን ለመፈለግ የሚሄድ ሰው ይህን ደብዳቤ በቀላሉ ስለማያገኝ ነው። ይሁን እንጂ ለሃያ ቀን የታሰበው ጉዞ ሳይታሰብ ይረዝማል። ለሙዝ ተክል መስኖ የሚሆን የውሃ መሳቢያ ሞተር ያዘዘ ነጋዴ፣ ፋብሪካው ዕቃውን በተባለው ቀን ሳያደርስለት ሲቀር፣ ቀብዱ በሰው እጅ እንዳለ የቪዛው ቀን ያልቅበታል። ዕቃውን ሳያይ ቢመለስ ምን እንደሚጫንለት አያውቅም፤ ያለ ፈቃድ ቢቆይ ደግሞ ቅጣት ይጠብቀዋል። ከሁለቱም መከራ የሚያድነው መንገድ በጊዜው የቪዛ ማራዘሚያ መጠየቅ ስለ ሆነ፣ አሠራሩን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ በቪዛው ላይ የተጻፈውን አጣርቶ ማንበብ ያስፈልጋል። በቻይና ቪዛ ላይ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይገኛሉ፤ እነርሱም እስከ መቼ ድረስ ወደ አገሩ መግባት እንደሚቻል፣ ከገቡ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቀድና ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል ናቸው። ስሕተት የሚፈጠረው ፊተኛውን ከሁለተኛው ጋር በማደባለቅ ነው። የመግቢያው ቀን ገና ሁለት ወር ቢቀረውም፣ የመቆያው ቀን 30 ተብሎ ከተጻፈ ነጋዴው በሠላሳው ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ መግባት ለተፈቀደለት ሰው፣ ከገባ በኋላ የመግቢያው ቀን መርዘም የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ቪዛን የማራዘም ሥልጣን ያለው እንግዳው ያለበት አገር መንግሥት ብቻ ነው። በጓንዡና በዱባይ ያሉት የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች ፓስፖርቱ የጠፋበትን ወይም ችግር የደረሰበትን ዜጋ ይረዳሉ እንጂ፣ በሌላ አገር ቪዛ ላይ አንድ ቀን እንኳ መጨመር አይቻላቸውም። «እኔ አስጨምርልሃለሁ» እያለ በሆቴል አዳራሽ ፓስፖርት ለሚሰበስብ ደላላማ ፓስፖርትን አምኖ መስጠት፣ የሱቅን ቁልፍ ለመንገደኛ አስረክቦ እንደ መሄድ ነው።

የቻይናን ሕግ በሰፊው እናያለን፤ ምክንያቱም ቀኑ የተቈረጠና ቅጣቱም በቍጥር የታወቀ ነው። ሕጉ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ወጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ነው። በዚህ ሕግ 29ኛ አንቀጽ መሠረት የመቆያ ጊዜውን ለማራዘም የሚፈልግ እንግዳ፣ ጊዜው ከማለቁ 7 ቀን አስቀድሞ ባለበት ከተማ ለሚገኘው የፖሊስ የመውጫና የመግቢያ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን በቂ ሆኖ ካላገኘው ይከለክላል፤ ከፈቀደም የሚጨመረው ጊዜ በጠቅላላው በቪዛው ላይ መጀመሪያ ከተጻፈው የመቆያ ጊዜ አይበልጥም። እንግዲህ 30 ቀን የተፈቀደለት ሰው፣ ቢበዛ ሌላ 30 ቀን ነው የሚያገኘው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ መመለስ ግድ ይሆንበታል።

ማመልከቻው ሲቀርብ መሥሪያ ቤቱ ከ7 ቀን የማያልፍ ደረሰኝ ሰጥቶ በዚያው ጊዜ ውስጥ ይወስናል። ፓስፖርቱ በመሥሪያ ቤቱ በሚቆይበት ጊዜ እንግዳው በደረሰኙ በሕግ ይቀመጣል። ፓስፖርቱ በእጁ ባለመኖሩ ግን በእነዚያ ቀናት ወደ አገሩ ሊሳፈር ስለማይችል፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን ይህን አስቦ ማስተካከል ይገባዋል።

አሁን የእኛን አገር ሰው ለይቶ ወደሚጐዳው ነገር እንምጣ። ይህም የዘመን አቈጣጠር ነው። ለምሳሌ አንድ የሲቀላ ነጋዴ የ30 ቀን መቆያ ይዞ ነሐሴ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለት ኦገስት 20 ቀን 2026፣ ጓንዡ ቢገባ፣ እንደ ልማዳችን «ከነሐሴ 14 እስከ መስከረም 14 አንድ ወር ነው» ብሎ ሊቈጥር ይችላል። ነገር ግን በመካከሉ ጳጉሜን አለች። ከነሐሴ 14 እስከ መስከረም 14 ያለው 35 ቀን ነው። በቻይና የመቆያው ጊዜ የሚቈጠረው ከገቡበት ቀን ማግሥት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ ሠላሳኛው ቀን መስከረም 9፣ ማለት ሴፕቴምበር 19 ላይ ይውላል። ነጋዴው በልቡ መስከረም 14ን ይዞ ቢቀመጥ አምስት ቀን ያለ ፈቃድ ተቀመጠ ማለት ነው። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀንም መስከረም 2 ሲሆን፣ ያም ቅዳሜ ስለሚውል መሥሪያ ቤቱን ዝግ አግኝቶ እንዳይመለስ ዓርብ መስከረም 1 ቀን፣ በዕንቍጣጣሽ ዕለት፣ ወረቀቱን ይዞ መገኘት ይኖርበታል። እኛ ዘንድ በዓል ቢሆን እዚያ የሥራ ቀን ነው።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። በውጭ አገር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሣ አውሮፕላን «የማታው ጕዞ» ቢባልም፣ በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው የማግሥቱ ቀን ነው። በመቆያው የመጨረሻ ቀን ማታ እወጣለሁ የሚል ሰው ይህን ሳያጣራ ቲኬት ባይቈርጥ ይሻላል።

ቅጣቱን በሚመለከት፣ ከተፈቀደለት ቀን በላይ የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይችላል። ጉዳዩ ከባድ ሆኖ ከተገኘ ግን ለእያንዳንዱ ቀን 500 ዩዋን፣ ቢበዛ እስከ 10,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ወይም ከ5 እስከ 15 ቀን ሊታሰር ይችላል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ያለችው ጳጉሜን ብቻዋን 2,500 ዩዋን ልታስከፍል ትችላለች ማለት ነው። ተገዶ ከአገር እንዲወጣ የተደረገ ሰው ደግሞ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተመልሶ እንዳይገባ ይከለከላል። ደንበኛውና ቀብዱ እዚያ ላለ ነጋዴ ከገንዘቡ ቅጣት ይልቅ ይህ የከፋ ነው።

በጓንዡ የአፍሪካ ነጋዴዎች በሚያዘወትሩት በሺያውበይ ሰፈር ከወዳጅ ቤት ማረፍ የተለመደ ነው። በሆቴል የሚያርፈውን እንግዳ ሆቴሉ ራሱ ለፖሊስ ያስመዘግበዋል፤ በሰው ቤት የሚያርፈው ግን በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ እርሱ ወይም አሳዳሪው ማስመዝገብ አለባቸው። ማራዘሚያ ሲጠየቅ ይህ የምዝገባ ወረቀት ስለሚፈለግ፣ ሳይመዘገብ የከረመ ሰው አንዱን ጉዳይ ሊፈጽም ሄዶ በሌላው ይያዛል።

ምክንያት ተብሎ የሚቀርበውም ነገር ጥንቃቄ ይሻል። የጉብኝት ቪዛ ለጉብኝት የተሰጠ ነውና፣ «የፋብሪካ ሥራ አላለቀልኝም» ብሎ ማመልከት ራስን መክሰስ ይሆናል፤ ሐሰት መጻፍም አይገባም። እንደ እኛ አስተያየት ከፋብሪካ ጋር ውል ለመዋዋልና ዕቃ ለመረከብ የሚሄድ ሰው ከመነሻው የንግድ ቪዛ ቢይዝ ይሻለዋል። ከ1957 ጀምሮ በጸደይና በመጸው ወራት የሚደረገው የካንቶን የንግድ ትርኢት ለገዢዎች የጥሪ ደብዳቤ ስለሚሰጥ፣ ሻጭ ገና ያላገኘ ነጋዴ በዚህ በኩል ቢጀምር መንገዱ ይቃናለታል።

በዱባይ የጉብኝት ቪዛ ለ30 ወይም ለ60 ቀን ይሰጣል፤ ማራዘሚያም ባብዛኛው የሚጠየቀው ቪዛውን ባስወጣው የጕዞ ወኪል በኩል ነው። ስለዚህ የወኪሉን አድራሻ ሳይዙ መጓዝ አይገባም። ቀኑ ያለፈበት ሰው የሚቀጣው በየቀኑ 50 ድርሃም እንዲሆን በ2022 ተወስኗል።

የዶርዜን ሽመና ወይም ቡናን ለማስተዋወቅ ወደ ኤውሮፓ የሚሄዱ ላኪዎች ደግሞ ከሁሉ የጠበቀ ደንብ ያገኛቸዋል። በሸንገን አገሮች በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድም። በ2009 የወጣው የቪዛ ደንብ ማራዘሚያ የሚሰጠው ከዐቅም በላይ ለሆነ ችግር፣ ለሰብአዊ ጉዳይ ወይም ለከባድ የግል ምክንያት ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ታሞ ሆስፒታል የተኛ ወይም አውሮፕላን የቀረበት ሰው ሊፈቀድለት ይችላል፤ ገዢ አላገኘሁም የሚል ግን አይሰማም። ከዚህም ሌላ በአፕሪል 2024 የኤውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያውያን ቪዛ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲራዘም ስለ ወሰነ፣ ላኪው የሚበቃውን ቀን አስቀድሞ አስልቶ በጊዜ ማመልከት ይኖርበታል።

በኮንሶና በያቤሎ በኩል አድርጎ በሞያሌ ወደ ናይሮቢ ለሚወርደው ነጋዴ ነገሩ ይቀላል። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። በዲሴምበር 2020 የተመረቀው የሞያሌ የጋራ የድንበር መሥሪያ ቤትም የሁለቱን አገሮች ሹማምንት በአንድ ቦታ ያገናኘ ነው። ሆኖም በፓስፖርቱ ላይ የሚመታው ማኅተም የመቆያ ጊዜ ስላለው፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስንት ቀን እንደ ተጻፈ ማየት ያስፈልጋል። ጊዜው የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ ማራዘሚያ የሚጠየቀው በናይሮቢ ኒያዮ ሐውስ በሚገኘው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው።

በየትም አገር ቢሆን የማመልከቻው ደብዳቤ አጭር ይሁን። ስም በፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ፊደል ሳይለወጥ፣ የፓስፖርቱ ቍጥር፣ የገቡበት ቀን በኤውሮፓ አቈጣጠር፣ የሚጠየቀው ተጨማሪ ቀን በቍጥርና ምክንያቱ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይገለጽ። የመመለሻ ቲኬት፣ የማረፊያ ምዝገባና ለተጨማሪው ቀን የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ወረቀት አብረው ይያያዙ። የቪዛውና የፓስፖርቱ ግልባጭ አንዱ በነጋዴው ሻንጣ፣ ሌላው በአርባ ምንጭ በሱቁ ጸሐፊ ዘንድ ቢቀመጥ፣ ዋናው በጠፋ ጊዜ ቆንስላው የሚጠይቀውን ቍጥር በስልክ መንገር ይቻላል።