ዜድ አያጠፋም

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ገብተህ ዕቃ ስትጠይቅ፣ ዋጋ ከመጠራቱ በፊት «ጋሼ፣ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ትባላለህ። የጥያቄውን ሕገ ወጥነት ለጊዜው ትተን፣ ባንኮኒው ጥግ ከካልኩሌተሩ ጎን አቧራ ጠጥታ የተቀመጠችውን ማሽን እንያት። ደንብ ቁጥር 139/1999 «የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ» ይላታል፤ ገበያው ካሽ ሬጅስተር ይላታል። ዕቃውንና ዋጋውን ታስገባለህ፣ 15 በመቶ ቫቱን ታሰላለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ይህንን የማያውቅ ነጋዴ የለም።

የገቢዎች ዓይን አድርጎ የሚያያት ግን ብዙ ነው፤ በደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ዴይተን፣ ኦሃዮ ውስጥ የመጀመሪያዋን የሠራት ጄምስ ሪቲ የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበር፤ ሠራተኞቹ ከሽያጩ ላይ እየቆነጠሩ ቢያስቸግሩት። ቀረጥ ሰብሳቢው የተከተለው ከዓመታት በኋላ ነው። ቅርብ ዘመዷ እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ፖስታ ቤት የተፈቀደችው የፒትኒና ቦውስ ማሽን ናት፦ ደብዳቤ የሚበዛበት ድርጅት ቴምብር እየላሰ ከመለጠፍ ይልቅ የከፈለውን ዋጋ በራሱ ቢሮ ፖስታው ላይ ያትምባታል። ማሽኗ የተቀመጠችው ነጋዴው ጋ ነው፤ ቆጣሪዋ ግን የታሸገ ነው፣ ባለቤቱም አይነካውም። የእኛዋም እንደዚያው ናት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፦ ዜድ ሪፖርት። አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ሻጭ ማታ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ዜድ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ ተንዠቅዥቆ ወጣ፣ ድምሩ ዜሮ ሆነ፣ እሱም «በቃ፣ ጠፋ» ብሎ ወረቀቱን ጨምድዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ምን ጠፋ? ምንም! ኤክስ ሪፖርት እስካሁን ስንት እንደሸጥህ ያሳይሃል እንጂ ምንም አይለውጥም፤ ደጋግመህ ብታወጣው ጉዳት የለውም። ዜድ ቀኑን ይዘጋል። ዜሮ የሚሆነው የዕለቱ ቆጣሪ ብቻ ነው። የዕለቱ ድምር፣ ቫቱ፣ ቀኑና የዜዱ ተራ ቁጥር ፊስካል ሜሞሪ በምትባለው ቺፕ ላይ ይጻፋሉ፤ እሷ ላይ መጻፍ እንጂ መፋቅ የለም። ብዙ ጊዜም ቺፗ በጠንካራ ሙጫ ተደፍና ነው የምትቀመጠው፣ ልንቀላት ያለ እንዲሰብራት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚደመር ጠቅላላ ድምር አለ፤ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። መብራት ሄደ፣ ማሽኗ ወደቀች፣ ሻይ ተደፋባት፣ እሱ እዚያው ነው።

ስለዚህ የዜድ ቁጥሮች ተከታታይ መሆን አለባቸው። 211 ወጥቶ ቀጥሎ 213 የያዘ ነጋዴ 212ን መፈለግ ያለበት እሱ ነው፤ ማሽኗ አልዘለለችም። በስህተት የወጣ ደረሰኝም አይሰረዝም፣ በተመላሽ ይስተካከላል እንጂ። ዜድ ሳይወጣ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ብዙዎቹ ማሽኖች አዲስ ደረሰኝ አንቆርጥም ብለው ይቆማሉ፤ ያኔ «ሲስተም የለም» እየተባለ ደንበኛ ይመለሳል። ሲስተሙ አለ ወንድሜ፣ ትናንት ማታ ቀኑን አልዘጋህም ነው።

የማትችለውም አለ። የ10 ሺህ ብሩን ዕቃ 2 ሺህ ብለህ ብታስገባ፣ 2 ሺህ ብላ በታማኝነት ትመዘግባለች። ኅዳር 2017 ላይ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅና ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ሲናፈስ የመርካቶ ሱቆች በራቸውን ዘግተው ነበር። የጭቅጭቁ ሥር የማሽኗ ጉድለት አልነበረም፤ ከአስመጪ እስከ ቸርቻሪ ድረስ ባለው ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ዕቃው ያለ ደረሰኝ ከተሸጠ ከታች ያለው ነጋዴ የገዛበትን ማሳየት ያቅተዋል።

ገዢዎችም አታምልጡኝ። ደረሰኝ ደበዘዘ ስትሉ «ቀለሙ አልቆ ነው» ትላላችሁ። ማሽኗ ቀለም የሚባል ነገር የላትም፤ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ነው። እንዳይጠፋ ብላችሁ ላሚኔት ስታስደርጉት ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ይወጣል። መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም፣ በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ለዓመት መርሳትም ያበላሸዋል። ደረሰኙን በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አስነሡና ከኮፒው ጋር አያይዙት።