ከመኪናው ከወረድን በኋላ ማን ይከተለናል?

ኡበር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ደንበኛው ከመኪና ከወረደ በኋላም እስከ አምስት ደቂቃ የት እንዳለ መከታተል ጀመረ። ተቃውሞ ስለበረታበት በኦገስት 2017 ማቆሙን አስታወቀ። አምስት ደቂቃ ምን አላት የሚል አይጠፋም። ሰው ግን በዚያች ጊዜ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ከሐኪም፣ ከጠበቃ ወይም ከፖለቲካ ስብሰባ ደጃፍ ይደርሳል።

ስም ከመዝገቡ ቢሰረዝም ዋስትና አይሆንም። ስልኩ የሚያድርበትና የሚውልበት ቦታ ባለቤቱን ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የሞባይል መረጃ መርምሮ፣ ከመቶ 95ቱን ከሌላው ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች እንደሚበቁ አሳይቷል።

እንግዲህ አገር ቤት ዘመድ ያለው ስደተኛ «የምደብቀው የለኝም» ከማለቱ በፊት፣ መረጃው ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ይጠይቅ።