ስለ አንድ የእጅ ፓምፕና ስለ ድኾች አገሮች ተራድኦ

በመልማት ላይ ያሉ አገሮች በኢንዱስትሪ ረገድ እርስ በርሳቸው ይረዳዱ ዘንድ የተነገረውና የተጻፈው ቃል እጅግ ብዙ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት በሊማ ባደረገው ጉባኤ፣ እነዚህ አገሮች እስከ 2000 ድረስ ከዓለም የኢንዱስትሪ ምርት ከመቶ 25 የሚሆነውን ድርሻ እንዲይዙ ተወስኖ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በቦነስ አይረስ የ138 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው ስለ ቴክኒክ ተራድኦ የወጣውን የሥራ ዕቅድ በአንድ ቃል አጽድቀውታል። እኔ ግን የውኃ ሥራ ባለሙያ ሆኜ ዕድሜዬን በየገጠሩ ጉድጓድ አጠገብ የማሳልፍ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ የዚህ ሁሉ ጉባኤ ፍሬ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ውሳኔዎቹ ከተጠረዙበት መጽሐፍ ይልቅ አፍሪዴቭ ወደሚባለው የእጅ ፓምፕ እመራዋለሁ፤ ይህ ፓምፕ ምንም እንኳ ከነዚያ ጉባኤያት በቀጥታ የተወለደ ባይሆን፣ እነርሱ በቃል የተመኙትን በግብር የፈጸመ ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

የነገሩ መነሻ ሕንድ ናት። በ1960ዎቹ ዓመታት ድርቅ በጸናባት ጊዜ ዐለት የሚሰረስሩ መቆፈሪያ መኪናዎች በዩኒሴፍ በኩል ገብተውላት በየመንደሩ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ የተተከለው ፓምፕ ግን ከአውሮፓና ከአሜሪካ የእርሻ ቤቶች የተቀዳ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ ታስቦ ከጊዛ የተቀረጸ ነበርና፣ መንደር ሙሉ ሕዝብ ከማለዳ እስከ ማታ ሲንጠለጠልበት ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ይሰበር ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሩቅ አገር ላቦራቶሪ አልነበረም፤ በማኅራሽትራ በጃልናና በሾላፑር በሚስዮን ወርክሾፕ ይሠሩ የነበሩ መካኒኮች በጊዛው ፈንታ የብረት ላሜራ በየዱ፣ ማንሻው የሚዞርበትንም ቦታ በኩሽኔታ አጸኑት። ከዚህ በኋላ ዩኒሴፍና የሕንድ መንግሥት፣ እንዲሁም በማድራስ ይገኝ የነበረው ሪቻርድሰን ኤንድ ክሩዳስ የተባለው የመንግሥት ፋብሪካ ያንኑ ሐሳብ ይዘው ኢንዲያ ማርክ 2 የተባለውን ፓምፕ አወጡ፤ በኮይምባቶር አካባቢ ተፈትኖም በ1979 የሕንድ የደረጃ መሥሪያ ቤት መጠኑንና ዓይነቱን በሕግ ደነገገለት። ፓምፑን ማንም በስሙ አላስመዘገበውም፤ ንድፉ ለሚፈልገው ሁሉ የተከፈተ በመሆኑ ብዙ ፋብሪካዎች ተሽቀዳድመው ሠሩት፤ ዋጋው ወረደ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፓምፖችም በሕንድ ምድር ተተከሉ።

ማርክ 2 ወደ አፍሪካ ሲሻገር ግን ሌላ ችግር ገጠመው። በብዙ የአፍሪካ ክፍሎች የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ኮምጣጣነት ያለበት በመሆኑ ዚንክ የተቀባውን የብረት ቱቦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል፤ ውኃውም ደም መስሎ ይወጣና ሴቶቹ ልብስ አናጥብበትም፣ ሽሮም አንሠራበትም ብለው ወደ ወንዛቸው ይመለሳሉ። ከዚህም በላይ ከታች ያለችውን አንዲት የፒስተን ጎማ ለመቀየር ሠላሳ አርባ ሜትር የሚወርደውን የብረት ቱቦ በሙሉ ነቅሎ ማውጣት ግድ ስለሚል፣ መኪና፣ የሰለጠነ ቡድንና ማንሻ መሣሪያ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ድረስ ጉድጓዱ ጦሙን ያድራል። ይህን ያስተዋሉት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ በ1981 የጀመሩት የእጅ ፓምፕ ፕሮጀክት፣ መንደሩ ራሱ ሊጠግነው የሚችል ፓምፕ ፍለጋ ተነሣ፤ በማላዊ የተጀመረው ንድፍ በኬንያ የባሕር ዳርቻ በክዋሌ አውራጃ በብዙ ጉድጓድ ላይ ተፈትኖ፣ ሲታረምና ሲሻሻል ቆይቶ አፍሪዴቭ የሚባለው ሆነ። አውሮፓውያን መሐንዲሶችና የባለጸጎች አገሮች ገንዘብ በዚህ ሥራ ውስጥ እጃቸው እንደ ነበረበት መካድ አይገባም፤ ድኾች ለብቻቸው ሠሩት ማለት ለጆሮ ደስ የሚል ተረት ከመሆን አያልፍም።

እስቲ አንድ ጊዜ ይህ ፓምፕ ሲፈታ አብረን እንመልከተው። የፓምፑ ራስ ክዳን በአንዲት መፍቻ ይከፈታል፤ ማንሻው የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ከፕላስቲክ የተሠሩ በመሆናቸው ያለ መዶሻ፣ በጣት ተገፍተው ወጥተው በጣት ይገባሉ። ቱቦው በሙጫ የተያያዘ ባለ 63 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ነው፤ ሳይነቀል ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፤ የቱቦው አፍ ከሲሊንደሩ ይልቅ ሰፊ ሆኖ ስለ ተሠራ፣ ዘንጎቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ ሲወጡ ፒስተኑ በቱቦው ውስጥ አብሮ ይወጣል። የታችኛው ቫልቭ ደግሞ በዘንጉ ጫፍ በሚታሰር ማጥመጃ ተይዞ ከጉድጓዱ ሥር ይሳባል። ፒስተኑ ላይ ያለችው ዩ ሲል የምትባለው የጎማ ቀለበት ከእጅ መዳፍ የምታንስ፣ ዋጋዋም እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ውኃው የሚወጣውና የሚቀረው ግን በእርሷ ነው። በየቀበሌው ለዚህ ሥራ የተመረጡ ሴቶች ይህን ሁሉ ከቁርስ በኋላ ጀምረው ከቀትር በፊት ሲጨርሱ አይቻለሁ፤ በክዋሌም የፓምፑ ጠባቂዎች በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ ውኃው ሲቋረጥ እንስራ ተሸክሞ ሩቅ የሚሄደው ሌላ ሰው አይደለምና።

ንድፉ ለሁሉ የተከፈተ መሆኑ ጸጋ የመሆኑን ያህል ፈተናም አለበት። አፍሪዴቭን ዛሬ በሕንድም፣ በፓኪስታንም፣ በኬንያም ያሉ ፋብሪካዎች ይሠሩታል፤ መጠኑ በጽሑፍ የተደነገገ ስለሆነ በናይሮቢ የተሠራው ክፍል በቦምቤይ ለተሠራው ፓምፕ ሊገጥም ይገባዋል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ስሙን ለማንሣት የማልፈልገው አንድ አቅራቢ ያመጣው የዩ ሲል ካርቶን ወደ ወረዳችን መጋዘን ገባ፤ ቀለሙም፣ ቅርጹም፣ ማሸጊያውም ከዋናው የሚለይበት አልነበረም። ጎማው ግን ከተደነገገው የጠነከረ ነበርና፣ ከናሱ ሲሊንደር ጋር እየተፋተገ ማንሻውን ከባድ አደረገው፤ ሕፃናቱ ማውረድ ተሳናቸው፤ አንዲት የውኃ ኮሚቴ አባል የሆኑ እናትም «ልጄ፣ ከአሮጌው ይልቅ አዲሱ ገደለን» አሉኝ። በሕንድ የማርክ 2 ታሪክ ውስጥ ብዙዎች የማያነሡት ትልቁ ምሥጢር እዚህ ላይ ይገኛል፤ ዩኒሴፍ ፓምፖቹን ሲገዛ ከገዥውም ከሻጩም ነጻ የሆኑ መርማሪዎች ፋብሪካው ድረስ ሄደው እየለኩ፣ ያልተስተካከለውን እየጣሉ፣ የተስተካከለውን ብቻ እንዲጫን ያደርጉ ነበር። ንድፍ ያለ መርማሪ ለሐሰተኛ ነጋዴ ሲሳይ ነው።

የድኾች አገሮች ተራድኦ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ታላላቁን ሥራ ነው። ምዕራባውያን አበዳሪዎች አያዋጣም ብለው የተዉትን የታንዛኒያና የዛምቢያ ባቡር ቻይና ያለ ወለድ ባበደረችው ገንዘብ ከ1970 እስከ 1975 ከዳሬ ሰላም እስከ ካፒሪ ምፖሺ 1860 ኪሎ ሜትር ዘርግታዋለች፤ የሁለቱ አገሮች መሪዎች ኔሬሬና ካውንዳ በዚህ ሥራ ቢመኩ ተገቢያቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሎኮሞቲቩም፣ መለዋወጫውም ከሩቅ የሚጠበቅ ሆኖ በመቅረቱ፣ በኋላ ዘመን በሐዲዱ ላይ የሚያልፈው ጭነት ከታሰበለት እጅግ አንሶ ታይቷል። ባቡርን ከእጅ ፓምፕ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው የሚለኝ አይጠፋም፤ ነገር ግን የኔ ጥያቄ ከግዙፍነቱ አይደለም፤ ከሰጪው አገር ወደ ተቀባዩ አገር የተሻገረው ዕቃው ብቻ ነውን፣ ወይስ ዕቃውን የመሥራት ጥበብም አብሮ ተሻግሯል የሚል ነው።

በዚህ ሚዛን ስንመዘን እኛ ኢትዮጵያውያን ቀለን እንገኛለን። አፍሪዴቭ በገጠራችን እንደ ራሳችን ዕቃ የታወቀ ሆኗል፤ ንድፉም ተቆልፎብን አያውቅም። የፕላስቲክ ቱቦ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በአገራችን አሉ፤ የፓምፑን ራስ ብረት ለመበየድ፣ ዘንጉንም ለመቁረጥና በቶርኖ ለማውጣት የሚያቅተው ወርክሾፕ በየክልሉ ከተማ አይታጣም፤ አስቸጋሪው ትክክለኛ ሞልድ የሚጠይቁት በቫልቩ ውስጥ ያለው ቦቢንና የጎማው ሲል ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ጥበባቸው በሕንድና በኬንያ የሚገኝ እንጂ ከባሕር ማዶ ባለጸጎች ዘንድ ብቻ የተሰወረ አይደለም። ታዲያ ፓምፑ በአገራችን እንደሚገባው ለምን አልተሠራም ቢሉ፣ ምክንያቱ ከሙያው ይልቅ ከግዢው አሠራር የሚመጣ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ረጂ ድርጅት በራሱ በጀት፣ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጨረታ ፓምፕ ይገዛል፤ ግዢው ዛሬ ብዙ፣ ነገ ምንም በመሆኑ አንድ የአገር ውስጥ ሠሪ ሞልድ ቆርጦ ገንዘቡን ሊያስርበት አይደፍርም፤ ፓምፑም ሲመጣ መለዋወጫው ለሁለት ዓመት ያህል ታስሮለት ይመጣና ሲያልቅ የሚተካው አይገኝም። የወረዳው ባለሙያ አንዲት ሲል ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሲላክ፣ አበሉ ብቻ ከብዙ ሲል ዋጋ ይበልጣል።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ፣ በየቢሮው የግዢ ሰነድ ለምታዘጋጁ ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለምናችሁ አለኝ። ፓምፕ ስትገዙ የመለዋወጫውን ግዢ ከፓምፑ ለይታችሁ ለብዙ ዓመት በሚጸና ውል አድርጉት፤ በዚያም ውል ውስጥ የውጭው አምራች የሲሉንና የቦቢኑን ሞልድ ከአንድ የአገር ውስጥ ወርክሾፕ ጋር በሽርክና እንዲያቆም፣ የመለኪያ ካሊብሮውንም አብሮ እንዲያስረክብ ጻፉ። ዕቃው ጉምሩክ ከመድረሱ በፊትም፣ ገና በፋብሪካው ደጃፍ ሳለ፣ የሚለካው ሰው ላኩ።