ብስክሌት፣ የሕዝብ ማመላለሻና የሐኪም ምክር፦ የጆን ፑቸር ጥናቶች ለጤና ባለሙያ ያላቸው ትርጉም

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ላለበት ታካሚ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር አብሮ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ ማቆም፣ አካላዊ እንቅስቃሴ ማዘውተር። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ ድካም ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ስለሚመክር፣ እኛም ይህንኑ ቁጥር ለታካሚው እናስተላልፋለን። ከጥቂት ጊዜ በፊት ይህንኑ ምክር የሰጠኋቸው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ ታካሚ፣ በወጣትነታቸው ብስክሌት ይነዱ እንደነበር ካጫወቱኝ በኋላ፣ «ዶክተር፣ መንዳቱንስ አልረሳሁትም፤ ግን የት ላይ ልንዳው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ በሕክምና ትምህርት ቤት ለዚህ የሚሆን መልስ ያስተማረኝ አልነበረምና።

መልሱን ያገኘሁት ከሐኪሞች ሳይሆን ከከተማ ፕላን ምሁራን ነው። ከእነዚህም መካከል ዋነኛው በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኘው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 2014 ድረስ ያስተማሩት ጆን ፑቸር ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ከአገራችን ውጭ ያሉ ዓመቶች በሙሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፑቸር የምርምር ሥራቸውን የጀመሩት በሕዝብ ማመላለሻ ድጎማ ላይ ሲሆን፣ በኋላ ትኩረታቸውን ወደ ብስክሌትና ወደ እግር ጉዞ አዞሩ። በ2003 ከሉዊስ ዳይክስትራ ጋር የጻፉት ጽሑፍ የወጣው በአሜሪካ የሕብረተሰብ ጤና መጽሔት ላይ መሆኑ ነገሩ የእኛም ጉዳይ መሆኑን ያመለክታል። ከራልፍ ቡለር ጋር ያዘጋጇቸው ሁለት መጻሕፍት ደግሞ በ2012 እና በ2021 ታትመዋል።

የፑቸር ዋና ጥያቄ ቀላል ነው፤ በአንድ አገር ሰው በብስክሌት ሲመላለስ በሌላው የማይመላለሰው ለምንድን ነው? በ2008 ከቡለር ጋር ባወጡት ንጽጽር መሠረት፣ በኔዘርላንድስ ከጠቅላላው ጉዞ 27 በመቶ የሚሆነው በብስክሌት ይካሄድ ነበር። በዴንማርክ 18 በመቶ፣ በጀርመን 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በአሜሪካና በብሪታንያ ግን ከ1 በመቶ ብዙም አይርቅም። ለዚህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ባህልና የመሬቱ ሜዳነት ነው። ፑቸር ይህን ሙሉ በሙሉ አይቀበሉትም። በኔዘርላንድስ ራሷ ከ1950 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የመኪና ቁጥር ሲጨምር የብስክሌት ጉዞ ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር፤ መሬቱ ያኔም ሜዳ ነበር፣ ሕዝቡም ያው ሕዝብ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በትራፊክ አደጋ የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር በዓመት ከ3,000 አልፎ፣ ብዙ ሕፃናትም በየመንገዱ ሲቀጠፉ ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ የነዳጅ ቀውሱም ተከተለ፤ ከተሞችም የመንገድ ፖሊሲያቸውን ለወጡ። የብስክሌት ጉዞ ያገገመው ከዚህ በኋላ ነው።

ከቁጥሮቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ብስክሌቱን የሚነዱት እነማን ናቸው የሚለው ነው። በኔዘርላንድስ ከብስክሌት ጉዞዎች 55 በመቶ፣ በጀርመን 49 በመቶ የሚሆኑት የሴቶች ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ግን የሴቶች ድርሻ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ኔዘርላንዳውያንም ከጉዟቸው ሩብ ያህሉን የሚያካሂዱት በብስክሌት ነው። በአንጻሩ መንገዱ አስጊ በሆነበት አገር ብስክሌት የደፋር ወጣት ወንዶች ብቻ ይሆናል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ክትትል የምናደርግላቸው ግን በአብዛኛው ደፋር ወጣት ወንዶች አይደሉም።

የአደጋውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከ2002 እስከ 2005 በነበሩት ዓመታት በየ100 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የብስክሌት ጉዞ በኔዘርላንድስ 1.1፣ በአሜሪካ ደግሞ 5.8 ሰዎች ይሞቱ ነበር። ልብ ማለት የሚገባው፣ አዋቂ ኔዘርላንዳውያን የራስ መከላከያ ቆብ የሚያደርጉት ከስንት አንድ መሆኑን ነው። ይህ ማለት ቆቡ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ የራስ ቅል ጉዳት የደረሰበት ተጎጂ ያከመ ማንም ሐኪም እንዲህ አይልም። ነገር ግን ደኅንነት በመጀመሪያ የሚገኘው ከተለየ መስመርና ከተሽከርካሪ ፍጥነት ገደብ መሆኑን ያሳያል። በ2003 ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ ብስክሌት ነጂና እግረኛ በበዙ ቁጥር በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚደርሰው አደጋ እንደሚቀንስ አመልክተዋል።

ብስክሌት ብቻውን አጭር መንገድ ነው። ሩቅ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው ከባቡር ወይም ከአውቶቡስ ጋር ሲጣመር ነው። ፑቸርና ቡለር በ2009 ባወጡት ጽሑፍ በሰሜን አሜሪካ ይህ ጥምረት በአብዛኛው የተሞከረው በአውቶቡስ ግንባር ላይ የብስክሌት ማንጠልጠያ በመግጠም መሆኑን፣ ማንጠልጠያ ያላቸው የአሜሪካ አውቶቡሶች በ2000 ከነበሩበት 27 በመቶ በ2008 ወደ 71 በመቶ ማደጋቸውን ገልጸዋል። ይሁን እንጂ አንድ ማንጠልጠያ የሚይዘው ሁለት ወይም ሦስት ብስክሌት ብቻ ነው። የአውሮፓ ከተሞች ከዚህ ይልቅ በየባቡር ጣቢያው ብስክሌት የሚቆምበት ሥፍራ ማዘጋጀትን መረጡ፤ በ2019 ተሠርቶ ያለቀው የዩትሬክት ጣቢያ ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። ብስክሌት ባይኖርም እንኳ የሕዝብ ማመላለሻ ራሱ ሰውን ያስኬዳል። ቤሰርና ዳነንበርግ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ የሕዝብ ማመላለሻ ተሳፋሪዎች ወደ ፌርማታና ከፌርማታ በቀን በመካከለኛ ልክ (ሚዲያን) 19 ደቂቃ እንደሚራመዱ፣ 29 በመቶ የሚሆኑትም በዚህ ብቻ ለቀኑ የሚበቃ 30 ደቂቃ እንደሚያገኙ ተመዝግቧል። የስፖርት ልብስ መልበስም ሆነ ልዩ ጊዜ መመደብ አላስፈለጋቸውም።

ሁለቱ ሲጣመሩ ምን እንደሚሆን ለማየት ፑቸርና ቡለር በ2011 ያቀረቡት የጀርመኗ ፍራይቡርግ ታሪክ ይበቃል። ከተማዋ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሮጌውን መሐል ከተማ ለእግረኛ ብቻ አደረገች። ብዙ ከተሞች የከተማ ባቡራቸውን ሲነቅሉ እርሷ አስፋፋችው። በ1984 በአንድ ወርኃዊ ትኬት በርካሽ ዋጋ መጓዝ እንዲቻል አደረገች። በመኖሪያ ሠፈሮች የተሽከርካሪ ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ወሰነች፤ በዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብም አንድ ሺህ ያህል ብስክሌት የሚቆምበት ሕንፃ ሠራች። በሦስት አሠርት ዓመታት ውስጥ የብስክሌት ጉዞ ቁጥር በሦስት እጥፍ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተጠቃሚ በሁለት እጥፍ አደገ፤ በመኪና የሚደረገው ጉዞ ድርሻም ከ38 በመቶ ወደ 32 በመቶ ወረደ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ያሻል። አንደኛ፣ ከሠላሳ ዓመት ጥረት በኋላ የመኪና ድርሻ የቀነሰው በስድስት ነጥብ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያው ጊዜ በእግር የሚደረገው ጉዞ ድርሻም ቀንሷል፤ ስለዚህ ከአዲሶቹ ብስክሌት ነጂዎች አንዳንዶቹ ድሮም እግረኞች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ለእነዚህ ሰዎች የተገኘው የጤና ትርፍ አነስተኛ ነው ማለት ነው።

የፑቸር ማስረጃ ደካማ ጎንም አለው። አገርን ከአገር ማወዳደር ምክንያትና ውጤትን በእርግጠኝነት አያሳይም፤ እርሳቸውም ተመራማሪ ብቻ ሳይሆኑ የብስክሌት ጠበቃ ናቸው። ለጤና ባለሙያ የሚያስፈልገው ግለሰቦችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነው፤ ይህም አለ። በ2000 የታተመው ከ30,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የኮፐንሃገን ጥናት፣ በብስክሌት ወደ ሥራ የማይሄዱት ከሚሄዱት ይልቅ የሞት መጠናቸው በ39 በመቶ የበለጠ መሆኑን፣ ይህም የትርፍ ጊዜ ስፖርታቸው ከግምት ገብቶ የተገኘ መሆኑን ገልጿል። በ2017 የወጣውና ከ260,000 በላይ ብሪታንያውያንን የተከታተለው ጥናትም በብስክሌት በሚመላለሱት ዘንድ የሞት ሥጋት በ41 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ለእኛ ርዕስ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመንገዱን ከፊል በብስክሌት፣ ቀሪውን በሌላ ማመላለሻ ለሚጓዙት ሰዎች ሥጋቱ በ24 በመቶ ዝቅ ማለቱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጤናማ ሰው ብስክሌትን ይመርጣል እንጂ ብስክሌት ጤናማ አላደረገውም የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል። ሙግቱ ጥንታዊ ነው። ጄረሚ ሞሪስ በ1953 የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጮች ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ስለሚውሉ ከተቀማጮቹ ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አሳዩ። ቆየት ብለው ደግሞ የራሳቸውን ግኝት ለመፈተን የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጠው፣ ሾፌሮቹ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወገባቸው ሰፋ ያለ መሆኑን አገኙ። እንዲህ ያለው ሐቀኝነት የሚያስቀና ነው። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ክትትሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከታቸው ግን ጥርጣሬውን አቅልሎታል። የተበከለ አየርና የአደጋው ሥጋት ጥቅሙን አያጠፋውም ወይ ለሚለውም በ2010 የወጣ የኔዘርላንድስ ስሌት ምላሽ ሰጥቷል፤ ከመኪና ወደ ብስክሌት የተሸጋገረ ሰው በዕድሜው ላይ ከ3 እስከ 14 ወር ሲጨምር፣ በአደጋ ምክንያት የሚያጣው ከ5 እስከ 9 ቀን፣ በአየር ብክለት ደግሞ ቢበዛ 40 ቀን ነው። ስሌቱ ግን የኔዘርላንድስ መንገድና አየር ስሌት ነው። እንዳለ ወስዶ ለአዲስ አበባ መጠቀም ስሕተት ይሆናል።

በአዲስ አበባ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የከተማችን ችግር ሰው አለመንቀሳቀሱ ብቻ ሳይሆን፣ ሲንቀሳቀስ የሚጠብቀው አደጋም ነው። ዳገቱና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታም ለልብ ታካሚ እንደ ፍራይቡርግ አይቀልም። ቢሆንም ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል መንገዶች ለተወሰነ ሰዓት ለተሽከርካሪ ሲዘጉ ብዙ ሰው ወጥቶ መሮጡና ብስክሌት መንዳቱ ፍላጎቱ እንዳለ ያሳያል። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት በአንዳንድ ዋና መንገዶች ላይ የተለየ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መስመሩ ከሠፈር እስከ አውቶቡስና ባቡር ፌርማታ ካልደረሰ፣ በፌርማታውም ብስክሌት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚቆምበት ሥፍራ ከሌለ ግን ፑቸር የገለጹት ጥምረት አይገኝም። እንደ ባሕር ዳር ባሉ፣ ሜዳማና ብስክሌት ከጥንት የለመዱ ከተሞች ሥራው የሚቀል ይመስለኛል።

በራሴ በኩል የታካሚን ታሪክ ስወስድ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፤ «ወደ ሥራ የሚሄዱት በምንና በየት በኩል ነው?» ጥያቄው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከመልሱ ታካሚው ታክሲ ሳይሳፈር በፊት ምን ያህል እንደሚራመድ፣ የሚሻገረው መንገድ የእግረኛ ማቋረጫ እንዳለውና እንደሌለው እረዳለሁ፤ ምክሬንም በዚያው ልክ አደርጋለሁ። ያ የጠየቁኝ ታካሚ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ይህንኑ ስጠይቃቸው፣ ከቤታቸው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ያለው መንገድ የእግረኛ መሄጃ የሌለውና ቦዩ ክዳን የሌለው መሆኑን ነገሩኝ። በካርዳቸው ላይ ጻፍኩት። ብስክሌቱን ገና አልገዙም።