ሁለት ኪሎ የቀርከሃ ቅጠል

በአገራችን ቀርከሃ የሸፈነው መሬት አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው ሲባል ቁጥሩ ስለሚከብደን ሰምተን እናልፈዋለን። 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት እኮ ነው፤ አዲስ አበባን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የሚያህል ስፋት! በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የእንስሳት ሀብት ጥናት ደግሞ የቀንድ ከብታችን ቁጥር 70 ሚሊዮን ደርሷል። ቀርከሃውም ከብቱም ሞልቶን ሳለ አንዲት የሀበሻ ላም በአማካይ የምትታለበው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው።

ከሚሊዮኖቹ ይልቅ እኔን ያስደነቀችኝ ግን ሰባት ናት።

ላም ጭዱን የምትፈጨው ብቻዋን አይደለም። ከአራቱ የጨጓራዋ ክፍሎች በትልቁ ውስጥ ካለው ፈሳሽ አንድ ሚሊ ሊትር ቢቀዳ 10 ቢሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይገኝበታል፤ በምድር ላይ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ፍጥረት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ ሰባት ገደማ በታች ሲወርድ ባክቴሪያው ይዳከማል፣ ጭዱ ሳይብላላ ይዘገያል፣ ላሚቱም ሆዷ እንደሞላ ትከሳለች።

የስንዴ ገለባ ከመቶ አራት ገደማ ነው። የቀርከሃ ቅጠል እንደ ዝርያውና እንደ ዕድሜው ከ10 እስከ 19 ይደርሳል። እንግዲህ እናስላው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ስድስት ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። ሁሉም ገለባ ከሆነ የምታገኘው ፕሮቲን 240 ግራም ነው። ከስድስቱ ኪሎ ሁለቱን አንሥተን ከመቶ 15 ፕሮቲን ባለው የቀርከሃ ቅጠል ብንተካው 460 ግራም ይሆናል። ከመቶ ሲሰላ 7.7! በሁለት ኪሎ ደረቅ ቅጠል ሰባትን ተሻገርን። እርጥቡ ቢመዘን ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ቢሆን ነው፤ አንድ ሰው አቅፎት ይገባል።

በአዊና በሲዳማ ደጋ ገበሬው ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በበጋ ግጦሹ ሲደርቅ የደጋው ቀርከሃ ለምለም ነውና ቅጠሉን ለከብቱ ይቆርጥለታል። የቆላው ሽመል ግን በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ከመርገፉ በፊት አጭዶ ማድረቅ ያስፈልጋል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ለቤት፣ ለአጥርና ለወንበር ብለን ቀርከሃ ስንቆርጥ ግንዱን ወስደን ቅጠሉን እዚያው ጥለነው እንሄዳለን።

ጥንቃቄ ግን አለው። ለጋው ቡቃያ ሳያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለበት ለከብት አይሰጥም፤ የሚሰጠው የጠና ቅጠል ነው። እሱም ሻካራ ስለሆነ ተከትፎ፣ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ፣ በጥቂቱ ተጀምሮ ነው። ብዙ ወተት ለምትሰጥ ድቅል ላም ደግሞ ብቻውን አይበቃም፤ እሷ ፉርሽካና ፋጉሎ ያስፈልጋታል። ፋጉሎ ለመግዛት አቅም ለሌለው፣ ጓሮው ግን ቀርከሃ ላለው ሰው፣ ተጨማሪዋ 220 ግራም ፕሮቲን አንድ ብር ሳያወጣ የሚያገኛት ናት።