ሌሊቱን ሲያነብ ያደረው ለምን ወደቀ?

አንባቢ ሆይ! በ2017 ዓ.ም. ከመፍረስ በተረፉት የካዛንቺስ ቤቶች ወይም በቂርቆስ ሰፈር፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የማይጠፋበት መስኮት አይተህ «ይህስ ልጅ አይወድቅም» ብለህ ይሆናል። ነገር ግን 12ኛ ክፍልን በጥሩ ነጥብ ያለፈ ሁሉ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት አይቀናውም፤ የሚማርበትን የትምህርት ክፍል በመወሰን ረገድ ደግሞ የዚያው ዓመት ውጤት ድርሻ አለው።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነዚሁ ከመቶ 42 ብቻ ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ጽሑፉን ሳያዩ የያዙትን የጻፉት 56 አስታወሱ። ደጋግመው ያነበቡት ነገር የታወቀ ይመስላል፤ አታላዩም ይኸው ነው!

እንግዲህ ልጅህ ዛሬ ማታ ደብተሩን ይዝጋና፣ ቡናው እስኪፈላ የተማረውን ለታናሽ እህቱ ይንገራት። የተደናቀፈበትን ነገ መምህሩን ይጠይቅ።